ፈረሱ ነፃ ነው፣ ልጓሙ ግን ይገዛል

አሮጌ መኪና ይዞ በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦን የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጧል፣ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነው፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን አይሄድም። ባለቤቱ "ሞተሩ ደክሟል" ይላል። መካኒኩ "ቫልቩ ይታይ" ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው። ሦስተኛውን ተጠያቂ ግን ማንም አይጠራውም፦ አየሩን።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ጭምር ነው። አየሩ በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱም ወደዚያው ይቀንሳል። ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት መኪና አዲስ አበባ ሲገባ ሃያ ምናምኑን ፈረስ አዋሽ ላይ ትቶ መጥቷል ማለት ነው።

ስለዚህ "ቱርቦ ቢገጠምለትስ?" የሚለው ጥያቄ የቅብጠት ጥያቄ አይደለም። ያገለገለ ቱርቦ ከሳልቫጅ ይገኛል፣ ቧንቧውን በያጅ ይሠራዋል፣ ዩቲዩብ ላይ ደግሞ አንድ ወጣት በቤቱ ግቢ ውስጥ በሁለት ቀን ገጥሞ ሲነዳ ይታያል። ርካሽ ይመስላል። የቱርቦ የመቶ ዓመት ታሪክ ግን ደጋግሞ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። አየር መንፋት መቼም ከባድ ሆኖ አያውቅም። ከባዱ፣ ውዱና ዓመታት የፈጀው ልጓሙ ነው።

ሐሳቡ የተወለደው በ1905 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ) ነው። አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የ26 ዓመት ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አንድ ብክነት ከነከነው። ሞተር ከሚበላው ነዳጅ ሙቀት ትልቁ ድርሻ ሥራ ሳይሠራ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ይወጣል። ቡኺ "የሚወጣው ጭስ አንድ ተርባይን ያሽከርክር፤ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው መንፊያ ደግሞ ንጹሕ አየር አምቆ ለሞተሩ ያጉርስ" አለና የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ቀላልና ብልህ ሐሳብ ነበር። በተግባር እስኪሰምርለት ግን 20 ዓመት ፈጀ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ለሁለት የጀርመን የመንገደኞች መርከቦች የተሠሩ የናፍጣ ሞተሮች በእሱ ዘዴ ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት አደጉ። ሐሳቡ አንድ ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ ሙቀቱን የሚችል ብረትና በትክክል የሚሠራ ተርባይን ለማግኘት ነው ሁለት አሥርት ዓመታት የሄዱት።

በመካከሉ ጦርነት መጣ፤ አውሮፕላኖችም የእንጦጦው ዓይነት ችግር ገጠማቸው። ከፍ ባሉ ቁጥር ሞተራቸው ይደክማል። በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ አንድ የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ ኮሎራዶ የሚገኘውን ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። ጫፉ ከ4,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከራስ ዳሸን የሚያንሰው በጥቂት መቶ ሜትሮች ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ቱርቦ በስም ያተረፈው በመኪና እሽቅድምድም ይሁን እንጂ የመጀመሪያ ትልቅ ፈተናውን ያለፈው ከተራራ የጎደለ አየር በመመለስ ነው። የደጋ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

ወደ ተራ ሰው መኪና የገባው በ1962 ነው። በዚያ ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ሁለት ባለቱርቦ መኪኖች ለገበያ አቀረበ፤ የሁለቱም ዕጣ ትምህርት ነው። አንደኛው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር 3.5 ሊትር ሞተር ነበረው፣ ጉልበቱ 215። መሐንዲሶቹ የሞተሩን የእመቃ ልክ ዝቅ አላደረጉም፤ 10.25 ለ1 ላይ ተዉት። አየር ሲታመቅ ይግላል። በጣም የጋለ ድብልቅ ካንዴላው እሳት ከሰጠ በኋላ ነበልባሉ በሥርዓት እስኪያዳርሰው አይጠብቅም፤ የቀረው በራሱ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። መካኒኮች "ሞተሩ ያንኳኳል" የሚሉት ይህን ነው። ፒስተንን በመዶሻ መቀጥቀጥ ማለት ነው። ጄትፋየር መፍትሔው ሌላ ጋን ነበር፦ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወደ ሞተሩ እየተረጨ ድብልቁን ያበርዳል። ባለቤቱ ፈሳሹን መሙላት ነበረበት። ብዙዎች ግን አልሞሉም። ፈሳሹ ሲያልቅ መኪናው ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱ "ተበላሸ" ብሎ ያማርራል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ10,000 ያነሱ ተሠርተው ቆመ፤ ከተሸጡትም የብዙዎቹ ቱርቦ ተነቅሎ በተራ ካርቡራቶር ተተካ።

ሁለተኛው ሼቭሮሌ ኮርቬር ነው። የእመቃ ልኩ ዝቅ ያለ፣ ጉልበቱም 150 ብቻ ነበር። የተለየ ፈሳሽ አልጠየቀም። የጠበበው ካርቡራቶርና የጭስ ማውጫው ተቃውሞ በራሳቸው ልጓም ሆነው ቱርቦው ከልክ በላይ እንዳይነፋ ያዙት። ዝናው ከጄትፋየር ያነሰ፣ ዕድሜው ግን የረዘመ ሆነ። ብዙ የጠየቀው ቶሎ ሞተ፤ ጥቂት የጠየቀው ኖረ።

ስዊድናዊው ሳብ ይህን ትምህርት ወደ ዕለታዊ ኑሮ አወረደው። በ1977 ያሳየው ሳብ 99 ቱርቦ ትንሽ ቱርቦ ነበረው፤ ቶሎ ይነቃል፣ ግፊቱ 0.7 ባር ሲደርስ ደግሞ ዌስትጌት የሚባለው ማስተንፈሻ በር ተከፍቶ ትርፉን ጭስ በጎን ያሳልፋል። ከሁለት ሊትር 145 የፈረስ ጉልበት ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሳብ ሞተሩ ላይ የሚንኳኳውን ድምፅ የሚሰማ "ጆሮ" ገጠመ። ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ኮምፒውተሩ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ የገዛው ቤንዚን ደካማ ቢሆንም ሞተሩ አይጎዳም። ልብ ይባል፦ ሁለቱም እርምጃዎች የተጨመረ አየር አይደሉም፤ የተጨመረ ልጓም ናቸው።

የቤት መካኒኩ ታሪክም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። በ1976 ሂዩ ማክኢንስ የተባለ የቱርቦ መሐንዲስ ቱርቦ ስለመግጠም አንድ መጽሐፍ አሳተመና የፋብሪካ ምሥጢር የሚመስለው ዕውቀት ጋራዥ ውስጥ ገባ። እውነተኛው የርካሽ ቱርቦ ዘመን ግን የመጣው ባለቱርቦ መኪኖች አርጅተው ወደ ብረት መጣያ መግባት ሲጀምሩ ነው። ጥሩው ምሳሌ ቮልቮ ነው። የ740 እና የ940 ሞዴሎች 2.3 ሊትር ሞተር ባለቱርቦም ያለቱርቦም ይሠራ ነበር። ቱርቦ የሌለውን የያዘ ሰው ከወደቀ ባለቱርቦ ቮልቮ ላይ የጭስ መሰብሰቢያውን፣ ቱርቦውን፣ የዘይት መስመሩን፣ ማብረጃ ራዲያተሩን፣ የቤንዚን መርጫዎቹንና ኮምፒውተሩን ነቅሎ ይወስዳል። አብዛኛው ያለ ብየዳ ይገጥማል። ልዩነት ግን አለ፦ ቱርቦ የሌለው ሞተር የእመቃ ልኩ 9.8 ሲሆን የባለቱርቦው 8.7 ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠሩትም ቢየላቸው ቀጭን ነው። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ዓመታት ይነዳል፤ የማያውቀው ቢየላው ብሎኩን ቀዶ ሲወጣ ያያል።

እዚህ ላይ የ"ርካሽ" ትርጉም ይገለጣል። የቮልቮው ሥራ ርካሽ የሆነው አንድ ነገር ስለተዘለለ አይደለም። መሐንዲሶች ዓመታት የለፉበት ልጓም ከነፈረሱ በአሮጌ ዋጋ ስለተገዛ ነው። በ2001 ሁለት አሜሪካውያን፣ ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ፣ ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ በርዶ ሊገጣጥመው የሚችል ሜጋስኩዊርት የተባለ የሞተር ኮምፒውተር ይዘው ሲመጡ የቤት ሠሪው ዓለም የተለወጠውም ለዚህ ነው። ቱርቦ በየብረት መጣያው ድሮም ነበር። የጠፋው ለተጨመረው አየር ተመጣጣኝ ቤንዚን የሚለካና እሳቱን በሰዓቱ የሚሰጥ አእምሮ ነበር።

ይህ ታሪክ ወደ እኛ መንገድ ሲመጣ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የገጠሩን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አለ፤ ብዙዎቹ 1ኤችዜድ የተባለውን 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ይይዛሉ። ያለ ቱርቦ የተሠራ፣ በትዕግሥቱ የታወቀ ሞተር ነው። ቶዮታ ተመሳሳይ መጠን ያለው ባለቱርቦ ወንድም ሠርቶለታል፣ 1ኤችዲ-ቲ የሚባል። ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ናፍጣውን የሚያቃጥለው በቅድመ ክፍል በኩል ሲሆን የእመቃ ልኩ ከ22 በላይ ነው፤ ሁለተኛው በቀጥታ ይረጫል፣ የእመቃ ልኩም ከ19 በታች ነው። አውስትራሊያውያን ለ1ኤችዜድ ቱርቦ ሲገጥሙ ኖረዋል፤ በመጠኑ የነፋ ይከርማል። ፓምፑን ከፍቶ ናፍጣ የጨመረ፣ የጭሱን ሙቀት የሚለካ ጌጅ ግን ያልገጠመ፣ ቴስታታ ሲሰነጠቅ ያገኘዋል። ጥቁር ጭስ ጉልበት አይደለም፤ ያልተቃጠለ ገንዘብ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ እሱ የደጋ አገር ወጥመድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሩብ ባር ገደማ የሚነፋ ቱርቦ ለሞተሩ የሚሰጠው ባሕር ጠረፍ ላይ የሚያገኘውን አየር ያህል ነው፤ ፋብሪካው ካሰበለት ብዙም አያልፍም። ይህ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን የተራ ዌስትጌት ስፕሪንግ ግፊቱን የሚለካው በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ነው። ያው መኪና ተጭኖ ወደ ሚሌ ሲወርድ የውጭው አየር ራሱ ይወፍራል፤ ቱርቦው ደግሞ የለመደውን ሩብ ባር በላዩ ይጨምራል። ሞተሩ የሚውጠው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በ20 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ያውም በአፋር ሙቀት። ከሳልቫጅ የተገዛ ቱርቦ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ባር በላይ እንዲነፋ የተሠራ ነው። እንጦጦ ላይ ያስመሰገነው ሥራ ቆላ ላይ ፒስተን ያቀልጣል።

ስለዚህ አሮጌ መኪናውን በትንሽ ገንዘብ ሊያበረታ የሚፈልግ ሰው የግዢ ዝርዝሩን ይገልብጠው። የዘይት ግፊቱና የሲሊንደሩ እመቃ ይለካ፤ የደከመ ሞተር ቱርቦ ሳይሆን እድሳት ነው የሚፈልገው። ቀጥሎ ጌጁ፣ የነዳጁ ማስተካከያ፣ ማብረጃው፣ ወደ ካርተሩ ቁልቁል በነፃ የሚመለስ ሰፊ የዘይት ቧንቧ። ቱርቦው መጨረሻ ላይ ይገዛል። ለእነዚያ ገንዘብ ካልተረፈ ለቱርቦውም የለም ማለት ነው። ያ መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ የመዝናኛ ዕቃ ሳይሆን የቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ሞተሩ ከወረደ አብሮት የሚወርደው የወር አስቤዛና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ጥፋቱ ሣር መውደዱ አልነበረም። ቡኺ 20 ዓመት የጠበቀው፣ የጄትፋየር ባለቤቶች መሙላት የረሱት፣ የሳብ መሐንዲሶች ጆሮ የሠሩለት ያ ገደል ነው። አየሩ ዛሬም ነፃ ነው። ሒሳቡ የሚመጣው በልጓሙ ነው፤ እሱም አስቀድሞ ካልተከፈለ በሞተር ይከፈላል።