መዝገብ ላይ የሌለው ልጅ፦ የቤት ትምህርት ከምኒልክ እስከ ቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ አባት «ልጄን ትምህርት ቤት አልልክም፤ እቤት እኔው አስተምራለሁ» ቢል የት ሄዶ ይመዘገባል? ወረዳው ልደት ይመዘግባል፣ ጋብቻ ይመዘግባል፣ መታወቂያ ይሰጣል። ተማሪ የሚቆጠረው ግን በትምህርት ቤቱ በኩል ነው። የ6ኛ እና የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ስሙ የሚላከውም ከትምህርት ቤቱ ነው። እቤት የሚማር ልጅ በዚህ አሠራር ውስጥ «ያልተመዘገበ» ከመባል ያለፈ ስም የለውም።

ይህ የሆነው ትምህርትን ከቤትና ከደጀ ሰላም በጀመረ አገር መሆኑ ይገርማል።

ለብዙ መቶ ዓመታት የኢትዮጵያ ልጅ ፊደል የቆጠረው፣ መልእክተ ዮሐንስ ያነበበው፣ ዳዊት የደገመው በየኔታ እግር ሥር ነው። ሐረርና ወሎ ላይ ደግሞ ልጅ ቁርኣን ቤት ይገባ ነበር። የመኳንንት ልጆች መምህር እቤት ድረስ ይመጣላቸዋል። ራስ መኮንን ሐረር ላይ ለልጃቸው ለተፈሪ ፈረንሳይኛ እንዲያስተምሩ ያቆሙት ሐኪሙን ዶክተር ቪታሊያንንና አባ ሳሙኤልን ነበር። ማንም ባለሥልጣን ፈቃድ አልጠየቃቸውም። ልጅን ማስተማር የአባት ጉዳይ ነበር።

መንግሥት በአባትና በልጅ መካከል የገባው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ስድስት ዓመት የሞላቸው ወንዶችም ሴቶችም ትምህርት ቤት እንዲገቡ አወጁ። ልጁን የማያስተምር ወላጅ ሲሞት ሀብቱ ለልጁ መሆኑ ቀርቶ ለመንግሥት እንዲሆን የሚል ቅጣትም ታክሎበት ነበር። በ1901 ዓ.ም. የምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እቤት የተማረው ተፈሪ እዚያ ገባ፤ በኋላም በ1917 ዓ.ም. በራሱ ስም ትምህርት ቤት ከፈተ።

አዋጁ ግን ከአቅም በላይ ነበር። ግዴታው ታወጀ፤ ልጆቹን ሁሉ የሚይዝ ክፍልና የሚያስተምር መምህር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የመጣው መንግሥት ሁሉ የያዘው ይህንኑ መንገድ ነው። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን የሕዝብ አደረገ፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመረ። የ1986ቱ ፖሊሲ ትምህርትን መደበኛና መደበኛ ያልሆነ ብሎ ከፈለ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ደግሞ እስከ 8ኛ ክፍል መማርን ግዴታ አደረገ።

በመሐሉ ታሪክ አንድ ቀልድ ቀለደ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ በአንድ ቀን የቤት ተማሪ ሆነ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ተላከ። የተማረ ወላጅና ስልክ ያለበት ቤት ልጅ ቀጠለ፤ ሌላው ወራቱን ባዶውን አሳለፈ። ዓመቱ ሲያልቅ ከ8ኛ እና ከ12ኛ በቀር ሁሉም ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወረ። ማን እቤት እንደተማረ፣ ማን እንዳልተማረ የሚለይ መዝገብ አልነበረም።

የጉዳዩ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ጀርመን የቤት ትምህርትን ከሞላ ጎደል ከልክላለች። አሜሪካ ፈቅዳለች፤ ግን አብዛኞቹ ግዛቶቿ ስም ይጠይቃሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ ልጁን እቤት የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ያሳውቃል፤ በቀጣዩ ክረምትም ልጁ መሻሻሉን በፈተና ወይም በግምገማ ያሳያል። ጣጣው ይኸው ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ለምን ያስፈልጋል? «እቤት ነው ያለው» የሚለው ቃል ሁለት በጣም የተለያዩ ልጆችን ስለሚሸፍን ነው። አንዱ እናቱ ሒሳብና እንግሊዝኛ የምታስተምረው ልጅ ነው። ሌላዋ ከገጠር «ላስተምርሽ» ተብላ መጥታ ሕፃን የምታዝል፣ እንጀራ የምትጋግር ልጅ ናት፤ ወይም አካል ጉዳተኛ ስለሆነ ጎረቤት እንዳያየው በር የተዘጋበት ልጅ ነው። መዝገብ ከሌለ ሦስቱም አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ሲያድግ ማስረጃ ያጣል። የቀሩትን ደግሞ ፈልጎ የሚያገኛቸው አይኖርም።

እርግጥ ነው፣ መዝገብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው «ነገ ና» የሚል ሠራተኛ ነው። ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ለዚህ መፍትሔው ምዝገባውን ፈቃድ መለመኛ ሳይሆን ማሳወቂያ ብቻ ማድረግ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የልጁ ስምና ዕድሜ፣ የሚያስተምረው ሰው፣ የሚማርበት ቋንቋ፣ በዓመት አንዴ የሚፈተንበት የሰፈር ትምህርት ቤት።

ቱሉ ዲምቱ የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚነሣበት፣ ሰው ከየሰፈሩ ተነሥቶ በዕጣ የተገናኘበት መንደር ነው። የድሮ ሰፈር ቢሆን «የእገሌ ልጅ ለምን አይማርም?» ብላ የምትጠይቅ ጎረቤት አትጠፋም ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ የተዘጋ ቤት ውስጥ ስላለው ልጅ ግን ማን ይጠይቃል? ምኒልክ የማያስተምር አባትን በውርስ አስፈራሩ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ ነው፦ ወረዳው ልጁ እንዳለ ይወቅ።