ከባቡር ሐዲዱ እስከ ንግድ ምልክቱ፦ የመንግሥት የቴክኖሎጂ ድጋፍና የሐረር ኢኮኖሚ

ሐረር መንግሥት የሚያስገባውን ቴክኖሎጂ ቀድመው ካዩ የኢትዮጵያ ከተሞች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1894 ዝርጋታው የተጀመረው የአገሪቱ የመጀመሪያ የረጅም ርቀት የስልክ መስመር ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ ነበር (ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ የባሕር በር ንግድ የሚያልፍባት፣ የጉምሩክ ገቢ የሚሰበሰብባት፣ ራስ መኮንን የሚያስተዳድሯት ስለነበረች ቅድሚያ ማግኘቷ አይገርምም። በዚያው ዓመት አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሲሰጡ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከጅቡቲ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ይሁንና ሐዲዱን ከቆላው ተነሥቶ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ከተማ ማውጣት ከባድ ወጪ ስለሚጠይቅ ኩባንያው ሜዳውን መረጠ። ባቡሩ በ1902 የደረሰው ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተቆረቆረችውና በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ በተጠራችው ድሬዳዋ ነው። ከዚያ ወዲህ የጅምላ ንግዱም፣ መጋዘኑም፣ የውጭ አገር ነጋዴውም ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ።

ይህን ታሪክ ሐረር ዕድሏን ያጣችበት ምዕራፍ አድርጎ ማንበብ የተለመደ ነው፤ ከዚህ ንባብ የሚወጣው ፖሊሲም የታወቀ ነው፦ ያመለጠው ይካካስ፣ መሠረተ ልማቱ ይምጣ፣ ሌላው ያገኘውን ሐረርም ታግኝ። እኔ ግን ከታሪኩ የማገኘው ትምህርት ሌላ ነው። ቴክኖሎጂ አንድ ቦታ መድረሱና በዚያ ቦታ ሥር መስደዱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ስልኩ ሐረር ደርሷል፤ በዋነኛነት ያገለገለው ግን አስተዳደሩንና ጉምሩኩን ነው፤ የከተማዋን ባለሙያ የአሠራር ዘዴ አልለወጠም። በአንጻሩ በአሮጌዋ ከተማ ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ በስፌት መኪና ድምፅ መኪና ግርግር እስከመባል የደረሰው ያለ ምንም የመንግሥት ዕቅድ ነው። መኪናው የባዕድ ሥራ ነው፤ ያረፈው ግን ቀድሞ በነበረ ሰንሰለት ላይ ነው። ጨርቁን የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ልኬት የሚወስድ ልብስ ሰፊ፣ የምትፈልገውን ቀለምና ቁርጥ ለይታ የምታውቅ ደንበኛ በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። የተሳሳተው ስፌት በዚያው ሰዓት ይታረማል፤ ጥሩው ቁርጥ ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የመንግሥት ድጋፍ መነሻው እንዲህ ያለውን ሰንሰለት መለየትና የደከመበትን ቦታ ማጠናከር ሊሆን ይገባል ብዬ እከራከራለሁ።

የልብስ ስፌትን፣ የቅርጫት ስፌትን፣ የብር አንጥረኝነትንና የመጽሐፍ ጥረዛን ከቴክኖሎጂ ፈጠራ ጋር ማዛመድ ቃሉን ማርከስ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። የአገሪቱ ሕግ ግን ከዚህ ተቃውሞ ይልቅ ሰፊ ነው። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከፓተንት ጎን ለጎን ለአነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ የሚጠይቀው አዲስነት በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ጥበቃውም ለአምስት ዓመት ጸንቶ ለተጨማሪ አምስት ዓመት ይታደሳል። ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍም የራሱ ጥበቃ አለው። የሐረር ሴቶች በሚሠሩት የቅርጫት ስፌት ላይ የሚገባ አዲስ ንድፍ፣ የብር ማቅለጫ ማሻሻያ፣ የቡና ማድረቂያ አልጋ ለውጥ ሁሉም በዚህ ሕግ ዓይን ሊታዩ የሚችሉ ናቸው። የጎደለው ባለሙያዋ ሕጉ እንዳለ የምታውቅበት፣ ማመልከቻውን የምትጽፍበትና የምትከራከርበት አገልግሎት ነው።

እንዲህ ያለ ድጋፍ የሚያስገኘውን ጥቅምም ሆነ ወሰኑን ከሐረር ስም ጋር ከተያያዘ አንድ ጉዳይ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አዕምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ውዝግብ ዓለም አቀፍ ዜና ሆነ፤ በ2007 ስምምነት ተደረሰ። መንግሥት በሌሎች አገሮች የተለመደውን የማረጋገጫ ምልክት ትቶ የንግድ ምልክትን የመረጠበት ምክንያት ሊጤን ይገባዋል፦ በተበታተነ ማሳ ላይ ያለን እያንዳንዱን ገበሬ መቆጣጠርና ማረጋገጥ ከአቅም በላይ ነበር። ስሞቹን የመጠቀም ፈቃዱንም ያለ ክፍያ ሰጠ፤ ዓላማው ስሙ በገበያ እንዲታወቅና የመደራደር ኃይል እንዲፈጠር ነበርና። ይህ ሕንጻ ሳይገነባ፣ ማሽን ሳይገዛ፣ በፀሐይ ደርቆ የሚዘጋጀው የሐረርጌ ቡና የተሸከመውን የዘመናት ዕውቀት ወደ ሀብትነት ለመለወጥ የተደረገ ሙከራ ነው። በኔ ግምገማ መንግሥት በፈጠራ ስም ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ለምሥራቁ አካባቢ ቅርቡ ይኸው ነው።

ሙከራው ግን እስከ መጨረሻው አልተሄደበትም። የንግድ ምልክቱ መነሻን ከፍ ባደረገ ማግሥት፣ በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በሰፊ የአካባቢ ምድብና በደረጃ እያጠቃለለ መሸጥ ያዘ፤ ገዥው የያዘው ኬሻ ከየትኛው ገበሬ እንደመጣ ማወቅ አልቻለም። ምርት ገበያው ራሱ ትልቅ የቴክኖሎጂ ለውጥ ነበር፤ ክፍያን አፋጥኗል፣ የዋጋ መረጃን አሰራጭቷል። ነገር ግን አንዱ የመንግሥት ክንድ ስሙን ሲያነሣ ሌላው የስሙን ባለቤት ከእይታ ሰወረ። የቡናን ምንጭ መከታተል የሚያስችለው ማሻሻያ የመጣው በ2017 ነው። በመካከሉ ብዙ የሐረርጌ ገበሬ በዓመት ደጋግሞ የሚለቀመውንና ጥሬ ገንዘብ ፈጥኖ የሚያስገባውን ጫት መርጧል፤ በሐረርና በሐረማያ መካከል ያለው የአወዳይ ገበያ ለዚህ ምስክር ነው። ገበሬውን መውቀስ አይገባም። ስሙ በውጭ አገር ሲመዘገብ በማሳው ላይ የዋጋ ልዩነት ካላየ ምን ምክንያት ይኖረዋል?

የቡናው ጉዳይ አንድ ሌላ ነገርም ይገልጣል። ስሙ የሐረር ነው፤ ማሳው በአብዛኛው በኦሮሚያ ክልል በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ዞኖች ነው፤ የማከማቻውና የባቡሩ መንገድ ድሬዳዋ ነው፤ ምርምሩ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሐረሪ ክልል በ2007ቱ ቆጠራ ከ200,000 ያነሰ ሕዝብ የነበረው፣ ከፌዴሬሽኑ አባላት በስፋት ትንሹ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የልማት ፖሊሲ እንዲያወጡ ሥልጣን ይሰጣል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ኢኮኖሚው በአራት አስተዳደሮች ላይ ተዘርግቶ ሳለ እያንዳንዱ የራሱን ትንሽ የፈጠራ ማዕከል፣ የራሱን ትንሽ ፈንድ ቢያቋቁም ሁሉም ከሚያስፈልገው መጠን በታች ይሆናሉ። የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን መቀመጫ ሐረር ከተማ ውስጥ መሆኑ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅም በዚያው መገኘቱ ትብብሩ በአንድ ከተማ ውስጥ በእግር ተሂዶ የሚጀመር መሆኑን ያሳያል።

ከ2012ቱ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ወዲህ አገሪቱ የያዘችው ዋና መንገድ የውጭ ቴክኖሎጂን መርጦ ማስገባትና መቅዳት ነው። በትልቁ በኩል በአዋጅ ቁጥር 886/2007 ሲመሩ የቆዩት የኢንዱስትሪ ፓርኮች አሉ፤ ለምሥራቁ የተመረጠችው ድሬዳዋ ናት፤ በ2022 ነፃ የንግድ ቀጣናም ተከፍቶላታል። በትንሹ በኩል የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የሚሰጡት የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አለ፦ የክህሎት፣ የቴክኖሎጂ፣ የሥራ ፈጠራና የካይዘን ድጋፍ። ሐረር ፓርክ ስላልተሰጣት መቆጨት የለባትም። በዩኔስኮ መዝገብ በ2006 የሰፈረው በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል፣ 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ በአሚር ኑር ዘመን በተገነባው ግንብ ውስጥ ፋብሪካ አይገባም፣ ሊገባም አይገባም። የሚያስፈልጋት ኤክስቴንሽኑን ከሪፖርት ቁጥር አውጥቶ ወደ ባለሙያው ደጃፍ ማውረድ ነው። ተቀድተው የተላለፉ ማሽኖችን መቁጠር ቀላል ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ስንቱ እንደሚሠራ መጠየቅ ግን የድጋፉ እውነተኛ መለኪያ ነው። እንዲህ ላለው ድጋፍ ከውጭ ምሳሌ አለ፦ የጣሊያኗ ኤሚሊያ ሮማኛ ክልል በ1980 በካርፒ ከተማ ለሹራብ ሠሪዎች ያቋቋመችው የመረጃ ማዕከል ገንዘብ አያድልም ነበር፤ አንድ ትንሽ ተቋም ለብቻው ሊገዛው የማይችለውን የፋሽን፣ የገበያና የቴክኒክ መረጃ ለሁሉም ያቀርብ ነበር።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን ከምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የሚመጣ ነው፦ ፈጠራ ሰውና ካፒታል በተሰበሰበበት ያብባል፤ ውስን ሀብት ያላት አገር ገንዘቧን አዲስ አበባና ጥቂት ከተሞች ላይ ብታውል የተሻለ ታተርፋለች። መከራከሪያው ለሴሚኮንዳክተር ወይም ለሶፍትዌር ኩባንያ ቢሠራ ይሠራል። የጀጎልን ጌይ ጋር (ባህላዊውን የሐረሪ ቤት) ሳያፈርሱ ውኃና መብራት የማስገባት ጥበብ ግን አዲስ አበባ ሊወለድ አይችልም። ውኃን ካነሣን፣ ሐረር ለዓመታት የጠጣችው የሐረማያ ሐይቅ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ከተማዋ ከድሬዳዋ አቅጣጫ ውኃ በረጅም ቧንቧ ለመሳብ ተገድዳለች፤ የውኃ ቁጠባ ቴክኖሎጂ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ቦታ የለውም። ድጋፉ በዘመድና በፖለቲካ ይባክናል የሚለው ሌላ ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ስለዚህም ነው ለግለሰብ ከሚታደል ብድርና መሣሪያ ይልቅ ሁሉም የሚጠቀምበትን አገልግሎት የማስቀድመው። የቡና መቅመሻ ላቦራቶሪን፣ የብር ንጽሕና መመርመሪያን ወይም የንድፍ ምዝገባ እገዛን አንድ ሰው ለብቻው ወስዶ ሊሸጠው አይችልም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 3 ሳይንስና ቴክኖሎጂን ከባህላዊና ታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጧቸዋል፤ በሥራ ግን በየራሳቸው መሥሪያ ቤትና በጀት የሚኖሩ ጉዳዮች ሆነዋል። ሁለቱን በሐረር ለማገናኘት አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የሐረሪ ክልል፣ የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን፣ የድሬዳዋ አስተዳደርና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚፈራረሙት የጋራ ስምምነት፣ ከእያንዳንዱ የሚመደብ መጠነኛ በጀትና በጀጎል ውስጥ ባለ አንድ የታደሰ ቤት የሚሠሩ ጥቂት መሐንዲሶች፣ የቡና ቀማሾችና የሕግ ባለሙያዎች ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ይበቃሉ። ሥራቸውም በባለሙያዎቹ ገቢና በገበሬው ማሳ ዋጋ ይመዘን።