የሰላም አንጎልና የቆየው ክርክር

ከመገናኛ የ4 ኪሎን ታክሲ የያዘ ሰው፣ ጥቂት በእግሩ ቢሄድ ከብሔራዊ ሙዚየም ይደርሳል። በዚያ ቅሪተ አካሏ የሚገኘው ሕፃን ሰላም በአፋር፣ ዲኪካ የታየችው ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ትንሿን ፊት መጀመሪያ ያየው የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የቡድን ባልደረባ ጥላሁን ገብረሥላሴ ነበር። ዶክተሩ አለት የሆነውን አሸዋ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ እየፈለፈሉ ዓመታት ፈጁ፤ ግኝቱም መስከረም 1999 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ስለማስቆጠሯ ብዙ ተብሏል። ስለ አንጎሏ ግን እምብዛም አልተወራም።

አንጎል ከሞት በኋላ ፈጥኖ ይፈርሳል። ለተመራማሪው የሚተርፈው በራስ ቅሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የታተመው ቅርጽ ብቻ ነው። ጠቡም የተነሣው ከዚሁ ነው፤ ያውም ሰላም ከመገኘቷ በፊት፣ በሐዳር በተገኘ የዚያው ዝርያዋ አንድ የራስ ቅል ስባሪ።

በ1975 ዓ.ም. አሜሪካዊው ተመራማሪ ራልፍ ሆሎዌይ በስባሪው ላይ ጨረቃ መሰሉ የአንጎል ስንጥቅ እንደ ሰው ወደ ኋላ ሸሽቷል ሲሉ ጻፉ። ስንጥቁ የእይታው ክፍል ድንበር ነው። ወደ ኋላ ከሸሸ፣ አንጎሉ ገና ትንሽ ሳለ አደረጃጀቱ ወደ ሰው አዘንብሏል ማለት ነው። ተመራማሪዋ ዲን ፋልክ በ1977 ዓ.ም. ተነሡና ስባሪው የተያዘበት አቅጣጫ ትክክል አይደለም፣ ስንጥቁ ያለው ቺምፓንዚ ዘንድ ባለበት ስፍራ ነው አሉ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በመጽሔት ተመላለሱ።

በ2012 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ለፋልክ ያደላል፣ እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ውስጥ በኃይለኛ ኤክስሬይ በተነሣው የሰላም ራስ ቅል ላይ ስንጥቁ እንደ ቺምፓንዚ ወደ ፊት ቀርቦ በግልጽ ታየ። የጥርሷ የዕድገት መስመሮች ተቆጥረው ስትሞት ዕድሜዋ 2.4 ዓመት ገደማ እንደነበረ ተሰላ። በዚያ ዕድሜዋ አንጎሏ ገና ብዙ ማደግ ይቀረው ነበር። አደረጃጀቱ የሰው አይደለም፤ ቀስ ብሎ ማደጉ ግን የሰውን ይመስላል። ያ የተራዘመ ልጅነት ከትልቅ አንጎል መቅደሙ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ከዚህ ያለፈውን አጥንት አይነግረንም። በፅንስ አንጎል ውስጥ የትኛው ዘረመል መቼ እንደሚሠራ የሚታወቀው ቤተሰብ ፈቅዶ፣ በሰዓታት ውስጥ ተወስዶ ከቀዘቀዘ የአንጎል ህብረ ሕዋስ ነው። ዛሬ ዓለም የሚመራመርበት ህብረ ሕዋስ በአብዛኛው የአውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ሰዎች የተለገሰ ነው። እኛ ዘንድ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓይን ባንክ የዓይን ብሌን ልገሳን ሲያስተምር ኖሯል። ለአንጎልም ቤተሰብን በአክብሮት የሚጠይቅ፣ የሕክምና ኮሌጆቻችን የሚያስተዳድሩት ሥርዓት ሊቆምልን ይገባል።