ከሜንሎ ፓርክ እስከ ቆቦ፦ የጦርነት ዘገባና የሰላማዊ ሰዎች ጉዳት

በሳን ፍራንሲስኮና በሳን ሆዜ መካከል የምትገኘው ትንሿ ከተማ ሜንሎ ፓርክ በጦርነት ዘገባ አድልዎ ክርክር ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ትነሣለች፤ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1962 «ራምፓርትስ» የተባለው መጽሔት ስለ ተመሠረተባት፣ ኋላም የፌስቡክ ዋና መሥሪያ ቤት መቀመጫ ስለ ሆነች።

የካቶሊክ ምእመናን መጽሔት ሆኖ የጀመረው ራምፓርትስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ከተዛወረ በኋላ የቬትናምን ጦርነት አጥብቆ ተቃወመ። ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ማዶ የነበረው የኦክላንድ ጦር ሰፈር ለጦርነቱ የሚሆነውን ዕቃ በመርከብ ይልክ ስለ ነበር፣ ጉዳዩ ለአካባቢው ነዋሪ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥር 1967 መጽሔቱ በናፓልም፣ ማለትም ከቤንዚን ተዘጋጅቶ ገላ ላይ እየተጣበቀ በሚነድ የጦር መሣሪያ፣ ስለ ተጎዱ ሕፃናት የዊልያም ፔፐርን ጽሑፍ ከነፎቶግራፎቹ አወጣ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ጦርነቱን በአደባባይ እንዲያወግዙ ካነሣሷቸው ነገሮች አንዱም ይህ ነበር። በዚያው ዓመት ግን የኒው ዮርክ ታይምስ የሕክምና ጸሐፊ ሃዋርድ ረስክ፣ የደቡብ ቬትናምን ሆስፒታሎች ጎብኝተው፣ በናፓልም የተቃጠሉት ጥቂት መሆናቸውን ጻፉ። ሆስፒታል ሊቆጥር የሚችለው በሕይወት ደርሶ የተኛውን ብቻ በመሆኑ፣ ይህ መልስ ስንት ሰው ተጎዳ የሚለውን ጥያቄ ሊዘጋው አይችልም ነበር።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ጊዜ፣ ክርክሩ በአማርኛ ተመለሰ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አንድ የፌስቡክ ተጠቃሚ፣ የሕወሓት ኃይሎች በራያ ቆቦና በሌሎች የአማራ ከተሞች ሴቶችንና ሕፃናትን እንደ ገደሉና እንደ ደፈሩ፣ የትግራይ ተወላጅ ነዋሪዎችም እንደ ተባበሯቸው ጻፈ። ኩባንያው ጽሑፉን አነሣው፣ በኋላም መለሰው፤ የኩባንያውን ውሳኔዎች የሚመረምረው የቁጥጥር ቦርድ ግን ታኅሣሥ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ውሳኔ አጸና። የቦርዱ ምክንያት፣ በአንድ ብሔር ላይ የሚነዛ ያልተረጋገጠ ወሬ በጦርነት ጊዜ ሰው ሊያስገድል ይችላል የሚል ነበር፤ ይህም በአማራ ከተሞች ለሚኖሩት የትግራይ ተወላጆች የሚገባ ጥበቃ ነበር።

ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከወጣ ከሳምንታት በኋላ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የትግራይ ኃይሎች በቆቦ ሰላማዊ ሰዎችን በእርግጥ ገደሉ። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂውማን ራይትስ ዎች ከቦርዱ ውሳኔ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በቆቦ ሃያ ሦስት፣ በአማራ ክልል ባለችው በጭና መንደር ደግሞ ሃያ ስድስት ሰዎች መገደላቸውን ከምስክሮች አጣርቶ አወጣ። የኋላው ግድያ የፊተኛውን ወሬ እውነት አያደርገውም፤ የወሬው አለመረጋገጥም የኋላውን ግድያ አያስተባብልም። ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠበት አካባቢ ማጣራት ወራት ይፈጃል፤ በእነዚያ ወራት ኦክላንድና ሳን ሆዜ ለሚኖረው የቆቦም ሆነ የመቀሌ ተወላጅ የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው። ስለዚህ የአድልዎ ክርክር፣ የትኛው ወገን ተጎዳ ብሎ ከመጮህ አስቀድሞ፣ ምስክሩን ማን አነጋገረ፣ መቼ፣ በማን ፊት ብሎ መጠየቅ ነበረበት፤ ቦርዱም በዚያው ውሳኔው፣ መድረኩ በኢትዮጵያ ለጥላቻ ንግግርና ላልተረጋገጠ ወሬ መስፋፋት ያለውን ድርሻ የሚመረምር ገለልተኛ ጥናት እንዲደረግ ጠየቀ።