የቻይንኛ ጽሕፈት ሴትን እንዴት ይገልጻታል?

በቻይንኛ ጽሕፈት "ሴት" የሚለው ምልክት በጥንታዊ አጥንቶች ላይ የተቀረጸው፣ ተንበርክካ እጆቿን ከፊቷ ያጣመረች ሴት መስሎ ነው። "ወንድ" ግን "እርሻ" እና "ጉልበት" ከሚሉት ምልክቶች ተሠራ።

ሴቷ ከጣሪያ በታች ስትሆን "ሰላም"፣ ከልጅ ጋር ስትሆን "ጥሩ" የሚል ትርጉም ይገኛል። "ቅናት" በሚለው ቃል ውስጥም ምልክቷ አለ። ሦስት ሴቶች አንድ ላይ ሲጻፉ ዝሙትን ያመለክቱ ነበር፤ ዛሬ በዋናው ቻይና አንዲት ብቻ ትጻፋለች። ሁለቱ ቀሩ እንጂ ክሱ አልተነሣም።

ሁሉም ምልክት ግን ሥዕል አይደለም። "እናት" የሚለው ሴትና ፈረስን ያጣምራል፤ ፈረሱ የገባው በድምፁ ምክንያት ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚገርመው የፉ ሃኦ ነገር ነው። ከ3,000 ዓመታት በፊት የነበረችው ይህች የሻንግ ንጉሥ ሚስት 13,000 ወታደሮችን እንደመራች አጥንቶቹ ይመሰክራሉ። በ1976 (እ.አ.አ.) አንያንግ ውስጥ በተገኘው መቃብሯም የነሐስ የጦር መጥረቢያዎች ነበሩ። "ፉ" የተባለው ማዕረጓ የተጻፈው ግን በመጥረጊያ ምልክት ነው።

እንደ አማርኛና ዓረብኛ ሳይሆን፣ በቻይንኛ ንግግር "እሱ"ም "እሷ"ም "ታ" ናቸው። በ1920 ገደማ ገጣሚው ሊዩ ባንኖንግ ለ"እሷ" የሴት ምልክት ያለው አጻጻፍ እንዲለመድ ተከራከረ። አንዳንድ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ግን ተቃወሙት፤ "እሱ" "ሰው" የሚለውን ምልክት እንደያዘ ሲቀር፣ "እሷ" ያንን ምልክት አጥታ ነበርና።