ጠገራ ብርና የገበያተኛዋ ዓይን



በየዓመቱ ሒሳብ ስንዘጋ አንድ የወጪ መስመር ጥያቄ ያስነሣል፤ «ለቅምሻና ለናሙና» የሚለው። በርበሬው በመዳፍ ሲታሽ፣ ሽሮው ሲቀመስ፣ ቅቤው በጣት ተቆርጦ ሲሸተት የሚያልቀው ማለት ነው። «ታሽጎ የማኅበራችን ስም ከተጻፈበት ምን ቅምሻ ያስፈልገዋል? ወጪው ቢቀርስ?» የሚሉ አባላት አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም መልስ ስንፈልግ ወደ አገራችን የገበያ ታሪክ፣ በተለይም ወደ ገንዘቡ ታሪክ ተመለስን። በእኛ አገር ገንዘብ ራሱ ለረጅም ዘመን እንደ ማንኛውም ዕቃ እየተመረመረ ይወሰድ ነበርና።

አሞሌ፦ በእጅና በምላስ

አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ ጽፏል። ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምርም አስተውሏል።

የአሞሌን ደኅንነት ለማወቅ ማኅተም አያስፈልግም። ተቀባይዋ አንሥታ ክብደቱን በእጇ ትገምታለች፤ አገላብጣ ጠርዙን ታያለች። የተሸረፈ፣ የተሰነጠቀ ወይም ክረምት ያሟሟው ከሆነ ዋጋውን ትቀንሳለች፤ ካልተስማማት አልቀበልም ትላለች። ጨው መሆኑን ከተጠራጠረች ደግሞ ምላሷ አለ። በዚህ ምክንያት ባለ አሞሌው ጨዉን እንዳይሰበር አስሮ፣ ከእርጥበት ጠብቆ ይይዘው ነበር። ጥንቃቄውን ያስተማረው የገበያተኛዋ ምርመራ ነው እንጂ ሌላ ተቆጣጣሪ አልነበረበትም።

ጠገራ፦ ነጥብ የሚቆጥሩ ሰዎች

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዋናው የንግድ ገንዘብ ጠገራ ብር ሆነ። አሞሌ ከሥሩ በዝርዝርነት ቀጠለ። ጠገራው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ዐረፈች፤ ብሯ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር እንደያዘ ሲቀረጽ ኖረ። በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ገበያ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልምና ነው።

ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833 ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ገበያተኛው ይህን ቁጥር የሚያውቅበት መሣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ የሚያየውን ይመረምራል። በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች ይቆጥራል። በትከሻዋ ላይ ያለው ክብ ጌጥ ነጥቦቹ ጎልተው መታየታቸውን ያያል። ከምስሏ ሥር ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤስንና ኤፍን፣ ይፈልጋል። ፊደላቱ የቀድሞዎቹ የገንዘብ መቅረጫ ሹሞች ስም መነሻ መሆናቸውን ማወቅ አያስፈልገውም፤ በቦታቸው መገኘታቸው ይበቃዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነጥብ ይቆጥር ነበር። ነጥቦቹ በአገልግሎት ብዛት የጠፉበት ጠገራ፣ ብሩ ሳይጎድል እንኳ ተቀባይ ሊያጣ ይችል ነበር።

በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። አንድ ሰው ብሩን ፍቆ ወይም ከርክሞ ቢያወጣ ጽሑፉ ይበላሻል፤ ሌብነቱም በጣት ዳሰሳ ይታወቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጠገራው የመጨረሻ ፈተና ነበረው። ባለቤቱ ወደ ብር አንጥረኛ ወስዶ ማቅለጥ ይችላል። የእናቶቻችን የአንገት መስቀልና አምባር ብዙው ከቀለጠ ጠገራ የተሠራ ነው። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም የአንድ ጠገራ ክብደት ያህል ነበር። ስለዚህ ጠገራው የጎደለ ቢሆን ሚዛኑም፣ ጌጡም ያጋልጠዋል።

ጥሩ ሆነው ያልተወደዱት

ለእኛ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ጠገራን ለመተካት ከተደረጉት ሙከራዎች ነው።

ዐፄ ምኒልክ በፓሪስ ያስቀረጹት፣ 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት ብር ከጠገራው ያነሰ አልነበረም። ክብደቱም የብሩ ጥራትም ተቀራራቢ ነው። የገዛ ንጉሡ ምስል፣ የገዛ አገሩ ፊደል ያለበት ነው። ሆኖም ብዙው ገበያ ለረጅም ጊዜ የለመደውን ጠገራ መረጠ። ሕዝቡ ንጉሡን ንቆ አይደለም፤ የአዲሱን ብር ነጥብ ገና አልቆጠረውምና ነው።

ኢጣሊያም በኤርትራ በኩል የራሷን ጠገራ አውጥታ ሞከረች። እ.ኤ.አ. በ1918 ያወጣችው ማሪያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት ምስል ነበረበት፤ ገበያው ግን መምሰልን ከመሆን ለይቶ መለሰው። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮማ ትክክለኛውን ማሪያ ቴሬዛ መቅረጽ ጀመረች፤ ከዚያም ለንደን፣ ቀጥሎም ቦምቤይ ቀረጹት። እነዚህ ተቀባይነት አገኙ፤ ምልክቱም ብሩም እንደ ቀድሞው ነበርና።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ፣ ከወረቀቱ ጋር ባለ 50 ሳንቲሙ ከብር ተሠራ። የብር ገንዘብ የለመደ ሕዝብ ወረቀቱን ማመን እስኪጀምር የሚጨብጠው ነገር አስፈለገው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ጥሩ ዕቃ መሥራት ብቻ እንደማይበቃ ነው። ገዢዋ ጥሩነቱን በራሷ ዓይንና እጅ የምታረጋግጥበት ምልክት ያስፈልጋታል፤ ያንን ምልክት እስክትለምድም ጊዜ ይወስዳል።

ወደ ሱቃችን ስንመለስ

የዛሬዋ ደንበኛም ነጥብ ትቆጥራለች። በርበሬውን በመዳፏ አሽታ ቀለሙንና ሽታውን ታያለች። ቅቤውን በጣቷ ቆርጣ ታሸታለች። ጋቢውን ወደ ብርሃን አንሥታ የፈትሉን ጥብቀት ትመለከታለች። በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ በቅቤ ውስጥ ሙዝ ተገኘ የሚለውን ወሬ ሰምታለች። የታተመ ላስቲክ ደግሞ አጭበርባሪም ያሳትማል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቀን የማኅበራችን ስም ብቻውን አዲስ ብር ነው፤ የሚያስለምደው ቅምሻው ነው።

ይሁን እንጂ የዓይንና የምላስ ምርመራ ወሰን አለው። አንዳንዱ ጥራት ከመግዛት በፊት ይታያል፤ ለምሳሌ ቀለምና ሽታ። አንዳንዱ የሚታወቀው ቤት ገብቶ ከተሠራ በኋላ ነው፤ ለምሳሌ ሽሮው ድስት ላይ ሲንተከተክ የሚሆነው። አንዳንዱ ደግሞ ከተበላም በኋላ አይታወቅም። እርጥበት ነክቶት የሻገተ በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ተፈጭቶ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ይህን ምላስ አይለየውም። የጠገራውም ነጥብ የብሩን መጠን በቀጥታ አያሳይም ነበር፤ እምነቱ የጸናው ነጥቡን የሚቀርጸው ወገን ብሩን ባለማጉደሉ ነው። በማኅበራችን ያ ወገን እኛ ነን። በርበሬው ከመፈጨቱ በፊት በደንብ መድረቁ፣ የሻገተው ተለቅሞ መጣሉ፣ በላቦራቶሪ መመርመሩ ደንበኛዋ የማታየው የእኛ ድርሻ ነው።

የበርበሬ ዋጋ በጨመረ ቁጥር «ጨውና ጥሬ እህል ትንሽ ጨመር ብናደርግበትስ?» የሚል ሐሳብ በየማኅበሩ እንደሚነሣ እናውቃለን። በዚያ ወር ሒሳቡ ያምር ይሆናል። ነገር ግን ጠርዙ የተፋቀ ጠገራ አንዴ ከታወቀ በኋላ፣ ከዚያ ሰው የሚመጣው ብር ሁሉ እየተገላበጠ ነው የሚታየው።

ስለዚህ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ «ለቅምሻና ለናሙና» የሚለው መስመር እንዳይሰረዝ፤ መጠኑ በየወሩ እየተመዘነ በመዝገብ ይያዝ። ሁለተኛ፣ ከታሸገው ጎን ለጎን ከዚያው ምርት የተከፈተ ዕቃ ይቀመጥ፤ ደንበኛዋ አይታና ሸትታ ትግዛ። ሦስተኛ፣ የላቦራቶሪ ምርመራ ወጪ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው። አጋሮቻችንም የዓመቱን ሪፖርት ስትመለከቱ እነዚህን ሁለት መስመሮች እንደ ብክነት ሳይሆን እንደ ሥራ ወጪ እንድታዩልን እንጠይቃለን። ጥያቄ ያላችሁ አባላት ከጉባኤው በፊት ወደ ሒሳብ ክፍል ብቅ በሉ፤ መዝገቡን ከፍተን አብረን እናየዋለን።