ጋራዥ ሲደርስ የሚድን ሞተር

ከሽንዲ በርበሬና በቆሎ ጭኖ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ አዲስ አበባ ለሚገባ መኪና የዓባይ በረሃ ግድ ነው። ሞተር አቀበቱ ላይ ያንገራግራል፤ ጋራዥ ሲደርስ ደህና ይሆናል።

የመካኒኩ ቋንቋ ራሱ ታሪክ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። «ኤንትሬ» የተባለው የጭነት መኪናም ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ «ትሬ» ማለት ሦስት። የ682 ምርት የተጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነበር።

በኤንትሬ ዘመን ምርመራው በጆሮና በእጅ ነበር። የናፍጣ መስመሩ አየር ከሳበ ሞተሩ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይከስማል። መካኒኩ የአየር ማስወጫውን ብሎን አላልቶ በእጅ ፓምፕ ይገፋል፤ አረፋው አልቆ ንጹህ ናፍጣ ሲወጣ መልሶ ያጠብቃል።

ዛሬ ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ ያነባል። ኮዱ ካልተገኘስ? ያው እንደ ኤንትሬ ዘመን፣ ጭኖ አቀበቱን መሞከር ነው።